በፈተና ላይ በሬ የሸጠ ተማሪ

ባለፈው ቅዳሜ የአሶሳ ፍየል ተራ ሰርግ ቤት መስሎ ዋለ። ነጋዴው ይጨባበጣል፣ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫል፤ በሕይወቱ ለሰው ከፍሎ የማያውቅ ሁሉ ሻይ ልጋብዝ ይላል። ነገሩ ግራ ቢገባኝ አንዱን ወዳጄን ጠጋ ብዬ፣ «ምን ተገኘ? ግብር ቀረ እንዴ?» አልኩት።

«ከግብርም የሚበልጥ ነው የቀረው!» አለኝ ድዱ እስኪታይ እየሳቀ። «ሐኪሙ ሐምዛ ጡረታ ወጣ! ጓዙን ጠቅልሎ ሸርቆሌ፣ እናቱ አገር ገብቷል። በእሱ ቦታ አንድ ለጋ ልጅ መድበውልናል፤ የፍየል አፍ ለመክፈት ያስፈቅዳል።»

እኔም ለወጉ ያህል ተጨባበጥኩ። ሻዩንም ጠጣሁ፤ ነፃ ነገር ይመለሳል እንዴ? ከዚያ ከፍየሎቼ አጠገብ ቁጭ ብዬ የአዲሱን ልጅ አመራመር ሳይ ግን የጠጣሁት ሻይ ቆጨኝ። ልጁ ጨዋ ነው። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይህችን ፍየል ባያት ቅር ይልዎታል?» ይላል። ቅር ይለኛል ብለው ኖሮ ትቷት ያልፍ ነበር።

ሐምዛ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። እሱ በፊት በር ሲገባ የታመመ ፍየል ያለው ነጋዴ በጓሮ በኩል በአጥሩ ቀዳዳ ሊያሾልክ ይሮጣል። ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ሐምዛ ከወዲያ ማዶ ቆሞ «አህለን! እንኳን ደህና መጣህ!» ይለዋል። ቀዳዳውን እንዴት አወቀው? የቀደደው እሱ ነዋ! የእንስሳት ሐኪም ከመሆኑ በፊት ሐምዛ የዚሁ ተራ ደላላ ነበር።

ደላላ ስል እንዲያው መሐል ገብቶ እጅ የሚያጨባብጥ አይምሰላችሁ። ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነው፤ ነጭ ጀለቢያው ላይ የሱፍ ኮት ደርቦ በሐሩሩም በዝናቡም ያንኑ ለብሶ ይቆማል። ድምፁ ደግሞ ጉድ ነው። ፍየል ተራ ላይ ሆኖ ሲጮህ እህል ተራ ያሉት ሴቶች ዋጋ ያስተካክላሉ። በርታ ነው፣ የአገሩ ተወላጅ። አማርኛውን የለመደው እንደ እኔ ካሉ፣ በሰፈራው ዘመን ከወሎ ከመጡ ነጋዴዎች ጋር ሲጨቃጨቅ ነው። ስለዚህ አማርኛው ሲጨቃጨቅ ይጣፍጥለታል፤ ሲያመሰግን ግን ይሰበርበታል። ፍየል የተባለ ሁሉ ለእሱ ወንድ ነው። ኋላ ያስተማረችውን መምህርትም፣ ሚስቴንም፣ ዶሮዋንም «እሱ» ነበር የሚላቸው፤ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

ሙያው ምን ነበር? እንከንን ወደ ምርቃት መለወጥ። አንካሳ ፍየል ያቀረቡለት እንደሆነ፣ «ይሄ ፍየል ከቤት አይርቅም፣ እረኛ አትቀጥርም!» ይላል። የከሳች ከሆነች፣ «አጥንቱን አይተህ ግዛ፣ ሥጋው አንተ ቤት ይመጣል፣ ኢንሻአላህ!» ይላል። ጆሮዋ የተቆረጠ ከሆነች፣ «ነገር አይሰማም፣ ቤትህ ሰላም ይሆናል» ይላል። ገዢው ይስቃል፤ የሳቀ ገዢ ደግሞ ገመዱን ጨብጧል ማለት ነው።

ይህ የደላላ ብልጠት ብቻ አልነበረም። በበርታዎቹ ዘንድ እንስሳ አይቶ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል ማሻአላህ ነው። ባለቤቱ ገመዱን ይዞ በቆመበት «ይህ ከብት ታሟል» ማለት በሽታውን በስሙ እንደ መጥራት ይቆጠራል። እኛም ወሎዎቹ ብንሆን ከዚህ የራቅን አይደለንም። ሐምዛ ያደገበትን አደብ ከደላላነቱ ጋር አንድ ላይ ፈትሎ ገመድ አድርጎት ነበር። የገመዱ ጥንካሬ የታወቀው በኋላ ነው።

አንድ ዓመት በድለላው አንዲት ፍየል ለእናቱ መንደር ሰዎች ተሸጠች። ትስላለች፣ ንፍጧ ይወርዳል። ሐምዛ «የመንገድ አቧራ ነው» ብሎ መርቆ ሸኛት። ክረምቱ ሳይገባ ከመንደሩ ሄዶ ተመለሰና ሱቄ ገብቶ ከጨው ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ሰላምታም አልሰጠኝም።

«ይማም» አለኝ፤ «የእናቴ በረት ዝም አለ።»

«እንዴት ዝም አለ?»

«ፍየል የለም። የጎረቤትም የለም። የአጎቴም የለም። ኸላስ፣ አለቀ።»

«ታዲያ ምን አሉህ?»

«ምንም። ‹የአላህ ነው› አሉ። ምግብ ሰጡኝ። ማንም አልሰደበኝም፣ ይማም። ቢሰድቡኝ ጥሩ ነበር።»

ያን ሰሞን ክልሉ ገና ክልል መባሉ ነው። ቢሮ በየማዕዘኑ ይከፈታል፤ ታፔላ የሚጽፈው ሠዓሊ እንደዚያን ጊዜ በልቶ አያውቅም። ታፔላው ቶሎ ደረሰ፤ ከታፔላው ሥር የሚቀመጥ ባለሙያ ግን ከየት ይምጣ? ከደጋ የሚመደቡት ሐኪሞች አንድ ክረምት ያህል ከወባው ጋር ከተያዩ በኋላ ዝውውር ይጠይቃሉ። በመጨረሻ «የአገሩን ልጅ እናስተምር» ተባለና በከተማው አጠገብ ባለው የእርሻ ኮሌጅ የእንስሳት ጤና ትምህርት ተከፈተ። አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ይመዝገብ ተባለ። ሐምዛ ድለላውን ቀን እየሠራ በማታ ትምህርት ተንጠላጥሎ አሥረኛን ጨርሶ ነበር። ሄደና ተመዘገበ።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። «ጅብ የፍየል ሐኪም ሊሆን ነው!» አሉት። እሱም አብሮ ሳቀና፣ ኮቱን አራግፎ፣ እኔ ቤት ጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ገባ።

እነሆ የሚገርም ጊዜ መጣ። የሐምዛ የክፍል ጓደኞች ጢም ያላበቀሉ ልጆች ናቸው፤ «አባባ» ይሉታል። ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ በጎን ነው የሚቀመጠው። መጀመሪያ ማይክሮስኮፕ ያሳዩት ዕለት ዓይኑን ደግኖ ብዙ ቆየና፣ «አገኘሁ! ትልቅ ነው፣ ጥቁር ነው፣ እግሩ ብዙ ነው!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ ተጋፍቶ መጣ። ያየው የራሱን ሽፋሽፍት ነበር። ልጆቹ ሲስቁ ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ግን እሱ ነው አሉ። በነጋታው ገበያ ወርዶ ለማያውቀው ሁሉ አወራው። ሰው ሲያፍር ወሬውን ይደብቃል፤ ሐምዛ ግን ሌላው ሳይሸጠው ራሱ ቀድሞ ይሸጠው ነበር።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የአጥንቱን ስም፣ የትሉን ስም፣ የመድኃኒቱን ስም ሁሉ ይሸመድዳሉ። ሐምዛ ተቀምጦ ማጥናት አልሆነለትም። ገና ጎሕ ሲቀድ ጓሮ ወጥቶ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ የአጥንቶቹን ስም በጨረታ ዜማ ይጠራቸው ጀመር፤ እያንዳንዱን ከፍ አድርጎ ይጀምርና ዝቅ አድርጎ ይዘጋዋል። ሚስቴ ዘሃራ የመጀመሪያውን ቀን ከእንቅልፏ ተነሥታ፣ «ይማም፣ ይኸ ሰውዬ አጥንት ሊሸጥልን ነው እንዴ?» አለችኝ። ወር ሳይሞላ እሷም ሊጥ ስታቦካ የበሬ ትከሻ አጥንት ስም ታንጎራጉር ነበር። ትርጉሙን አታውቀውም፤ ዜማው ግን ልክ ነበር።

የበሬ ሆድ አራት ክፍል እንዳለው አሥር ጊዜ አጥንቶ አሥር ጊዜ ጠፋበት። በመጨረሻ ዘዴ አገኘ። የመጀመሪያው ትልቁ ክፍል ያገኘውን ሁሉ አግበስብሶ ያከማቻል፣ ኋላም መልሶ ያመነዥገዋል፤ ይህን «ይማም» አለው። ሁለተኛው ሚስማርም ሽቦም ቢገባለት ይዞ የማይለቅ ነው፤ ይህ የገበያው ቀረጥ ሰብሳቢ ሆነ። ሦስተኛው እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ስለሆነ የመድረሳው ሼህ ተባለ። አራተኛው እውነተኛው ሥራ የሚሠራበት ነው፤ እሱን «ዘሃራ» አለው። ዘሃራ ይህን ስትሰማ ለአንድ ሳምንት ያህል እኔን በሌላ ዓይን አየችኝ።

ከጽሑፍ ፈተናው በኋላ አንድ ቀን መነጽር ያደረገች ሴት ሱቄ መጣች። ቀጭን ናት፤ ቀጥ ብላ ነው የምትቆመው። ፈገግታዋን እንደ ውድ ዕቃ ቆጥባ የምታወጣ ዓይነት።

«አቶ ይማም የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ፣ እመቤቴ።»

«የበሬ ሆድ ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

የሐምዛ መምህርት ጽጌ እሷ ናት፤ ከጎጃም የመጣች። ሐምዛ ለካ በፈተናው ጭንቅ መሐል የበሬውን ሆድ ሥዕል ሲሰይም አራቱንም በእኛ ስም ሞልቶ ሰጥቷታል። «ሥራቸውን አንድ በአንድ በትክክል ጽፏል» አለችኝ፤ «ስማቸውን ብቻ የሰው አደረገው። ዜሮ ልሰጠው አሰብኩና፣ እስቲ መጀመሪያ ሰውዬውን ልያቸው ብዬ መጣሁ።» ከዚያ የሱቄን ዕቃ ከላይ እስከ ታች ቃኝታ፣ ከተቆለለው የሳሙና ካርቶን ላይ ዓይኗን አሳርፋ፣ «ግማሹን እሰጠዋለሁ» ብላ ሄደች። ግማሹ አሳለፈው።

የተግባር ፈተናው ግን በማሾፍ የሚታለፍ አልነበረም። እዚያ ቦታ አልነበርኩም። ታሪኩን ግን ከሐምዛም፣ ከመምህርቷም፣ ከበሬው ባለቤትም ሰምቼዋለሁ፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ስለሚያወሩት እውነት መሆን አለበት።

ኮሌጁ ለፈተናው በባምባሲ መንገድ ካለ መንደር አንድ በሬ ከነባለቤቱ አስመጣ። በሬው ገንዲ ይዞታል፤ የቆላ ዝንብ የምታመጣው፣ ከብቱን ቆሞ እያለ የሚያደርቅ በሽታ ነው። ጎድኑ ወጥቷል፣ ጠጉሩ ቆሟል፣ ራሱን ደፍቷል። ባለቤቱ ሽማግሌ ገመዱን ይዘው ቆመዋል። ፈታኞቹ መምህርት ጽጌና ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣ አንድ ወጣት መምህር ናቸው።

«ሐምዛ፣ ስለዚህ በሬ ያየኸውን ንገረን» አለች መምህርቷ።

ሐምዛ በሬውን አየ። ሽማግሌውን አየ። ሽማግሌው ዓይን ዓይኑን ያዩታል።

«ማሻአላህ!» አለ።

«ቀጥል።»

«አንገቱን ደፍቷል። አደብ ያለው በሬ ነው፤ ልጅ ቢጠምደው አይወጋም።»

«ጎድኑስ?»

«ጎድኑ ይቆጠራል። ቀለብ አያበዛም፤ በትንሽ ይኖራል።»

«ዓይኑ የሚያፈሰውስ?»

«ባለቤቱን ይወዳል። ሊለየው መሆኑን ዐውቆ ነው።»

ድምፁ እየሞቀ፣ እየሞቀ ሄደ። የቆመውን ጠጉር «ብርድ አይበግረውም» አለ፤ የነጣውን ድድ «ንጹሕ አፍ» አለ። ይኼኔ ወጣቱ መምህር ሳያስበው፣ «ባለቤቱ ስንት ይላሉ?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው ደግሞ ገመዱን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡና፣ «አልሸጠውም! እንዲህ ያለ በሬ መሆኑን ዛሬ ገና ሰማሁ!» አሉ።

መምህርት ጽጌ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «ሐምዛ፣ ወድቀሃል» አለችው።

«ገንዲ ነው፣ ቲቸር» አላት ሐምዛ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከበር ሲገባ ዐውቄዋለሁ። ግን ሽማግሌው ገመድ ይዞ ያየኛል። እንዴት ልበለው?»

«አንተ ካልነገርካቸው ሞት ይነግራቸዋል» አለችው።

ዳግም ፈተና ተሰጠው፤ ከዐረፋ በዓል በፊት ባለው ሳምንት። ያን ጊዜ ከወደቀ ከኮሌጁ ይሰናበታል። ሕጉ እንዲያ ነው። ያን ቀን ማታ እራቱን ሳይነካ ተቀመጠ። ዘሃራ፣ «ብላ እንጂ፣ ብትወድቅ ድለላህ አለ አይደል?» ብትለው፣ በጭራሽ የማያውቀውን ቁጣ ተቆጣ። «ድለላ የለም! ወደዚያ አልመለስም። ወደ እናቴም እንዲሁ አልሄድም። ሐኪም ሆኜ ነው የምገባ፤ ካልሆነ አልገባም።»

እኔ የቀለም ትምህርት የለኝም። የተማርኩት ገበያ ነው፤ እዚያ ደግሞ ደጋግሞ የሚወድቅ ሰው ጥፋቱ የት እንደሆነ ቶሎ ይታየኛል። «አየህ ሐምዛ» አልኩት፤ «አንተ ፈተናውን የገባኸው እንደ ሻጭ ደላላ ነው። ሻጭ እንከን አያይም። ገዢ ሆነህ ግባ። ገዢ ማሻአላህ ይላል፣ ግን አፉን ይከፍታል፣ ጭራውን ያነሣል፣ ወገቡን ይጫናል፤ ባለቤቱ ፊት ቆሞ እንከን ይደረድራል፤ ማንም ነውር ነው አይለውም።»

ከዚያ «ወላሂ!» ብሎ ተነሣ።

በማግስቱ በረቴ ውስጥ ልምምድ ጀመርን። ባንጀምረው ኖሮ ሳይሻል አይቀርም። ሐምዛ አንዴ ገዢ ከሆነ ወዲያ መመለሻ ጠፋ። ፍየሎቼን ጨርሶ ወደ አህያዬ ዞረ። አህያዬን ጨርሶ ወደ ዘሃራ ዶሮ ዞረ። ዶሮዋን ጨርሶ አንድ ጠዋት እኔን ዓይኔን ገልብጦ አየና፣ «ደምህ ትንሽ ነው፤ እንቅልፍህ ብዙ ነው፤ በዚህ ዋጋ አልወስድህም» አለኝ። ዘሃራ ከማጀት ሆና፣ «ልክ ነህ፣ እኔም የወሰድኩት ሳላየው ነው!» አለች። ፍየል ሊገዛ የመጣ ደንበኛዬ ፊት ቆሞ የፍየሏን ቀንድ መጣመም አስረድቶ ደንበኛዬንም ሸኘብኝ።

አንድ ነገር ግን አልተፈታም። እኔና ዘሃራ ፊት እንደ ልቡ ይናገራል። እንግዳ ሰው ገመድ ይዞ ከቆመ ግን ያ የድሮው አደብ ይመጣበታል። ደጋግሜ ሞከርኩት፤ መንገደኛ እየጠራሁ ገመድ አስያዝኩ። ሐምዛ መንገደኛውን አይቶ «ማሻአላህ» ይልና ይቀራል።

ስለዚህ በነጋዴ መንገድ አሰብኩ። ኮሌጁ ለፈተናው ፍየል ፈለገ፤ ሹፌሩ ወደ እኔ መጣ። ለዐረፋ ከማቆያቸው ሁሉ የምትበልጠውን፣ አንገቷ ጥቁር ሌላው ገላዋ ነጭ የሆነችውን መረጥኩ። እንከን የላትም። እንከን የሌላትን ፍየል እንከን የላትም ማለት ደግሞ ለሐምዛ የኖረበት ሙያው ነው፤ ባለቤቷም እንግዳ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ተንኮል አትበሉት፤ ለገዢው የሚስማማውን ዕቃ ማቅረብ ነው።

ገመዱን ይዤ በኮሌጁ ግቢ ከዛፉ ሥር ቆምኩ። ሐምዛ ኮቱን አስተካክሎ መጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ፣ «ጤነኛ ናት። እሱን በልና ጨርስ» አልኩት በሹክሹክታ። እፎይ ያለ መሰለኝ።

መምህርት ጽጌ፣ «ባለቤቱ እዚሁ ናቸው። ያየኸውን የምትነግረው ለእሳቸው ነው፣ ለእኔ አይደለም» አለችው።

«ማሻአላህ» አለ ሐምዛ። ዞራት። እንደ ገዢ ወገቧን ተጫነ፣ ጆሮዋን ነካ፣ ቴርሞሜትሩን በጭራዋ ሥር አስገብቶ ጠበቀ። አውጥቶ አየው። ጠረገና እንደገና አስገባው። እኔ ኮራ ብዬ እያየሁ ነው፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለማሳመር መስሎኛል። ከዚያ አፏን ከፈተ። ጎንበስ ብሎ ትንፋሿን አሸተተ።

እዚያው እንደ ጎነበሰ ቀረ። ያን ሽታ ከዚህ በፊት የት እንዳሸተተው ከፊቱ ለማንበብ ሐኪም መሆን አላስፈለገኝም ነበር፤ ግን እኔ አላነበብኩም። ድሮ የያዘው ነገር ያዘው ብዬ ፈራሁለት። ፈታኞቹ እስኪሰሙ ድረስ፣ «በል እንጂ ሐምዛ! አትፍራ! እኔ ነኝኮ!» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ይማም» አለኝ፤ «ፍየልህ ታሟል።»

ሳቅሁ። «እሺ፣ ጎበዝ! ገዢነቱን በቃህ፣ አሁን እውነቱን ተናገር።»

«እውነቱ ነው። ትኩሳት አለው። አፉ ውስጥ ቁስል ጀምሯል። ትንፋሹ ሸቷል። ደስታ መሰል ነው።»

ደስታ መሰል የሚሉት የበግና የፍየል ወረርሽኝ ነው፤ በረት ገብቶ በረት ባዶ አድርጎ ይወጣል፤ የእናቱን በረት ዝም ያሰኘውም እሱ ነው። ስሙን ስሰማ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ አፌ በራሱ ሻጭ ሆነ። «የምን ትኩሳት ነው? እስከ ኮሌጁ በር ድረስ በፀሐይ ተጉዛ ነው! አፏ ደግሞ እሾህ በልታ ነው፤ ፍየል እሾህ ካልበላች ምን ትበላለች?» አልኩ። ሐምዛ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝ። እሱ ያላስተማረኝን አንድ ቃል አልተናገርኩም።

መምህርት ጽጌ መጥታ የፍየሏን አፍ ራሷ ከፍታ አየች። ከዚያ እኔን ትታ ወደ እሱ ዞረች፤ «ታዲያ ምን ይደረግ?»

«ይሄ ፍየል ከዚህ አይወጣም» አላት ሐምዛ። አሁን ድምፁ አልተሰበረም። «የይማም በረት ይዘጋል። ዐረፋ ገበያ አንድም ፍየል አያወጣም። የጎረቤት ይከተባል። ይማም ደግሞ» አለና ወደ እግሬ አመለከተ፣ «ጫማውን አውልቆ ይታጠባል። እጁንም ይታጠባል። ቲቸርም ይታጠባል።»

የዓመቱ ገበያዬ በአንድ ቃል ተዘጋ። አደባባይ ላይ ጫማዬን አውልቄ፣ መድኃኒት በተበጠበጠበት ባልዲ ውስጥ እግሬን ነክሬ ቆምኩ። ከአጠገቤ መምህርት ጽጌ ቀሚሷን ሰብስባ እግሯን ትታጠባለች፤ ያ የአዲስ አበባው ወጣትም ሳይታዘዝ ተራውን ይዟል። መምህርቷ ከባልዲው ቀና ብላ፣ ያንን የምትቆጥበውን ፈገግታ እንዳለ አውጥታ፣ «ሐምዛ፣ አልፈሃል» አለች።

ሐምዛ ግን የለም። ዞር ስንል ኮቱ ብቻ በኮሌጁ በር ሲወጣ አየነው። የዐረፋ ሰሞን ገበያ መቆሙ ትዝ ብሎት ነው፤ በዚያ ሳምንት የከተማው ፍየል ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ነው የሚውለው።

ጫማዬን በእጄ እንዳንጠለጠልኩ ተከተልኩት። ልደርስበት አልቻልኩም፤ ድምፁ ግን ቀድሞ ደረሰኝ። ፍየል ተራው መሐል፣ ድሮ ደላላ ሆኖ ይቆምበት በነበረው ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ በዚያ እህል ተራ በሚደርስ ጉሮሮው ይጮሃል፦ «የይማም ፍየል ታሟል! ስሙ! የይማም በረት ታሟል! ከእሱ የገዛ ይምጣ፣ ፍየሉን ለብቻ ይሰር! ወደ ይማም ቤት አንድ ፍየል አይሂድ!» ይማም ማን እንደሆነ የማያውቅ ካለ ብሎ ይሁን አይሁን እንጃ፣ ሱቄ የት እንደሆነም በእጁ ያመለክታል።

ገበያው ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰው ገመዱን እየሳበ ፍየሉን ወደራሱ ሰበሰበ። በባዶ እግሬ ሕዝቡን እየገፋሁ ወደ ጉብታው ስጠጋ አንዲት ቲማቲም የምትሸጥ ሴት እጄን ያዘችኝ። ማን መሆኔን አታውቅም።

«ወንድም ዓለም» አለችኝ፤ «ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?»

«ፈተና አልፎ ነው» አልኳት፤ «እሱ ግን ገና አልሰማም።»